ከገና ጾም እስከ መጀመሪያው ውድድር፦ ዊንተርን በብስክሌት ላይ

«ምነው በዚህ ብርድ? መኪናህ ተበላሸች እንዴ?»

ዋሺንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በዲሴምበር ብስክሌት የሚነዳ ሐበሻ ይህን ሳይባል ወሩ አያልቅም። እናቶች የምር ያዝኑልኛል። አንድ እናትማ መኪናቸውን አቁመው «ና ግባ ልጄ፣ ላድርስህ» ብለውኛል። መኪናዬ ደህና ናት። በብርድ የምነዳው ብርዱ አልፎ ስፕሪንግ ሲገባ ስለምወዳደር ነው። ይህን ስነግራቸው ሐዘናቸው ባሰ።

ይህን የምጽፈው ሰመሩን ብስክሌት ሲነዳ ከርሞ «በሚቀጥለው ዓመት እኔም ልሞክረው» ለሚል ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ ጀማሪ የሚገባበት ምድብ ድሮ ካታጎሪ 5 ይባል ነበር፤ አሁን ኖቪስ ይሉታል። እኛ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) አካባቢ ውድድሮቹ ማርች ላይ ብቅ ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ በጨለማና በብርድ የሚሠራው ነው። የመሠረት ልምምድ ይሉታል። ብስክሌተኛው ግን ቤዝ ነው የሚለው፤ እኔም ቤዝ ልበል፣ ያጥራል።

አትሌት ሆኜ አላደግኩም። ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገብቼ ዘጠኝ ተኩል እወጣለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ውድድር የጀመርኩት ሠላሳዎቹን አጋምሼ ነው። ስለዚህ የምናገረው ሁሉ በሳምንት ስድስት፣ ቢበዛ ስምንት ሰዓት ለሚያገኝ ሰው ነው። ሃያ ሰዓት ያለው ሰው አሠልጣኝ ይቅጠር።

ዋናው ነገር አንድ ነው፦ ቀስ በሉ።

ብዙ ሰው «ዛሬ ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት» ሲል በመካከለኛ ፍጥነት ነድቶ ነው። ላብ አለው፣ ትንፋሽ ቆረጥ ቆረጥ ይላል፣ ደስም ይላል። ችግሩ ይህ ፍጥነት ከሁለት ያጣ መሆኑ ነው። ውድድር ላይ የሚፈለገውን ጉልበት ለማምጣት በቂ ክብደት የለውም፤ ነገም ደግሞ ለመንዳት በቂ ቅለት የለውም። ሰውዬው ረቡዕ ላይ ይደክመዋል፣ ሐሙስን ይዘላል፣ ቅዳሜ በቁጭት ይሮጣል፣ ጃንዋሪ ሲያልቅ ይታመማል። በየክለቡ በየዓመቱ የማየው ይህንኑ ነው።

ትክክለኛው ቀስታ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ የምትናገሩበት ነው። ስልክ አንስታችሁ እናታችሁን ብታናግሯትና «ምን ሆነህ ነው? ማን አባረረህ?» ካለች ፍጥነቱ በዝቷል።

በዚህ ፍጥነት ሰውነት ውስጥ የሚሠራው ሥራ አይታይም እንጂ ብዙ ነው። ልብ በአንድ ምት የምትገፋው የደም መጠን ይጨምራል። ጡንቻ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበራከታሉ። ኦክስጅንን ተጠቅመው ጉልበት የሚያመርቱት ሚቶኮንድሪያዎች ይበዛሉ። ሰውነት ስብን እያቃጠለ መሄድ ይለምድና ካርቦሃይድሬቱን ለጭንቅ ሰዓት፣ ለመጨረሻው ዙር ያቆያል። ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት አይመጣም። ወራት ይፈልጋል። በፍላጎትና በወኔ ማፋጠንም አይቻልም፤ የሚያመጣው መደጋገም ነው። ለመደጋገም ደግሞ መቅለል አለበት።

ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት ቀላል መሆን ነበረበት። እንጦጦ ደን ውስጥ ወይም ሱሉልታ ሜዳ ላይ የእኛን ሯጮች በቀላል ልምምድ ቀናቸው ያየ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ከፊት ሆኖ በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዘ ይመራል፤ ሌላው እግር በእግር ይከተላል። ሲጀምሩ ከእርምጃ ብዙም አይፈጥኑም። ማራቶንን በሁለት ሰዓት ከምናምን የሚጨርስ ሰው እንደዚያ ሲሮጥ ማንም አያየኝ ብሎ አያፍርም። እኛ ግን ገና የውድድር ቁጥር ጀርባችን ላይ ለጥፈን ሳናውቅ፣ ሮክ ክሪክ ላይ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ምግብ የሚያመላልስ ልጅ ሲያልፈን ደማችን ይፈላል።

የእኔ ዕድል አንድ የአስመራ ሰው ማግኘቴ ነው። ኤርትራና ብስክሌት እንዴት እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ጂሮ ዴል ኤርትሪያ የተጀመረው በፈረንጅ 1946 ነው። ቢንያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ቀን አሸንፎ በነጥብ አንደኛ የወጣ የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ ሲወስድ፣ እዚህ ያሉት ሐበሾች ኢትዮጵያዊ ኤርትራዊ ሳይሉ ሲጨፍሩ ነበር። የእኛው ጽጋቡ ግርማይም በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እኚህ ሰው እንግዲህ በዚያ ዓለም ያደጉ ናቸው። ስድሳን አልፈዋል። ጋሼ ነው የምላቸው።

አንድ የጃንዋሪ ቅዳሜ ማክአርተር ቡሌቫርድ ላይ አብረን እየነዳን ሳለ፣ ሁለት ወጣቶች ዳገቱ ላይ ተፈትልከው አለፉን። ጋሼ ማርሻቸውን እንኳ አልነኩም።

«አየሃቸው? የጃንዋሪ ቻምፒዮን ናቸው» አሉኝ።

«ጎበዞች ናቸው ጋሼ።»

«ጎበዝማ ናቸው። ኤፕሪል ላይ ፈልጋቸው እስቲ፣ ካገኘሃቸው።»

የእሳቸው መለኪያ አፍን ገጥሞ በአፍንጫ ብቻ መተንፈስ ነው። አልቻልክም? ማርሽ ቀንስ። ሳይንሱ ከዚህ ይረቅቃል፣ ግን ለጀማሪ ይህ መለኪያ ከብዙ መሣሪያ ይሻላል።

ቁጥር ለሚወዱ ቁጥሩ ይኸውና። የልብ ምት መለኪያ ቀበቶ ግዙ፤ ደረት ላይ የሚታሰረው ከእጅ ሰዓቱ የበለጠ ይታመናል። ከዚያ ደህና እንቅልፍ በተኛችሁበት ቀን በደንብ ተሟሙቁና 30 ደቂቃ ያለ የሌለ ጉልበታችሁን አውጥታችሁ ንዱ። የመጨረሻው 20 ደቂቃ አማካይ የልብ ምት የእናንተ ጣሪያ ነው በሉት። ቀላል ቀናችሁ ከዚያ ቁጥር ከ69 እስከ 83 በመቶ መሀል ይሁን። ለምሳሌ 170 ከወጣ፣ ቀላሉ ከ117 እስከ 141 ነው። ፓወር ሜትር (የእግርን ጉልበት በዋት የሚለካ መሣሪያ) ያላችሁ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያህል ልትይዙት የምትችሉትን ዋት ከ56 እስከ 75 በመቶ ውሰዱ፤ ዞን 2 የሚባለው ያ ነው። ከፍተኛውን የልብ ምት ለማግኘት ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሱ የሚለውን ስሌት ግን ተዉት። ለአንዱ ይሠራል፣ ለሌላው በአሥር ምትና ከዚያም በላይ ይስታል።

አሁን አንድ ነገር ላይ ከብዙዎች ጋር አልስማማም። ስቲፈን ሳይለር የሚባል ተመራማሪ ምርጥ አትሌቶችን አጥንቶ፣ ከልምምዳቸው ሰማንያ በመቶው ቀላል፣ ሃያ በመቶው ከባድ ነው ብሏል። እውነት ነው። ግን እነዚያ ሰዎች በሳምንት ሃያ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ናቸው። ስድስት ሰዓት ብቻ ያለው ሰው አራት ወር ሙሉ ዞን 2 ብቻ ቢነዳ የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱም ሰውነቱን የሚገፋ በቂ ጫና የለም። ስለዚህ ከዲሴምበር መጨረሻ ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ጠንከር ያለ ነገር ይግባ። ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ፣ መሀሉ ላይ 5 ደቂቃ ዕረፍት፤ ጥቂት ቃል መናገር የምትችሉበት ግን ወሬ የማትቀጥሉበት ፍጥነት። አንድ ቀን ብቻ። ሌላው ቀላል ይሁን።

የእኔ ሳምንት እንዲህ ነው። ሰኞ ዕረፍት። ማክሰኞ ቤት ውስጥ ትሬነር (ብስክሌቱን ባለበት አቁሞ የሚያስነዳ መሣሪያ) ላይ አንድ ሰዓት ቀላል። ረቡዕ ክብደት ማንሳት። ሐሙስ ትሬነር ላይ ያ ጠንከር ያለው። ዓርብ ዕረፍት። ቅዳሜ ከቤት ወጥቶ ረጅሙ፣ ኖቬምበር ላይ ከሁለት ሰዓት ተነስቶ ጃንዋሪ ላይ ሦስት ተኩል የሚደርስ። እሑድ ቅዳሴ ነው። የክለቡ ዋና የቡድን ጉዞ እሑድ ጠዋት መሆኑ ብዙ ሐበሻን ያስቀራል፤ እኔ ቅዳሜን መርጬ ነገሩን ገላግዬዋለሁ። እሑድ ከሰዓት ጉልበት ካለኝ ከልጆቹ ጋር በየሰፈሩ አንድ ሰዓት እዞራለሁ። ሦስት ሳምንት ቀስ በቀስ እየጨመርኩ አራተኛውን በግማሽ እቀንሳለሁ። የቀነሳችሁበት ሳምንት ሥራ የፈታችሁ ይመስላችኋል። ሰውነት የሚጠነክረው ግን ያኔ ነው።

ስለ ትሬነር ትንሽ ልበል። ዲሲ አካባቢ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ፀሐይ ከቀኑ 10፡46 (በፈረንጅ 4፡46) ላይ ትጠልቃለች። ከሥራ ወጥቶ ልጆች አምጥቶ ልብስ ለመቀየር ሲባል ጨልሟል። ስለዚህ የሥራ ቀን ልምምድ ቤት ውስጥ ነው። ውድ የሆነው፣ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ራሱ ዳገት የሚፈጥረው ትሬነር አያስፈልግም። የኋላ ጎማ ላይ የሚጫነው ተራው ዓይነት ያገለገለ በርካሽ ይገኛል፤ በተለይ ማርች ላይ ሰው ሁሉ ሲሸጠው ግዙ። አፓርትመንት የምትኖሩ ከሥሩ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አንጥፉ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ሲያንኳኳ ከመስማት ይሻላል።

ከትሬነሩ የሚበልጠው ዕቃ ግን ቬንትሌተር ነው። ውጪ ስትነዱ ነፋሱ ያቀዘቅዛችኋል። ቤት ውስጥ ነፋስ የለም፤ ሰውነት ሲግል የልብ ምት በተመሳሳይ ጉልበት ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀላሉ ከባድ ይሆናል። ትልቁን ግዙና ደረታችሁ ላይ አዙሩት። ፎጣ መሪው ላይ ጣል አድርጉ፤ ላብ ጨው ነው፣ ብሎኑን ይበላዋል። ትሬነር ላይ ቁልቁለትና መብራት ስለሌለ እግር አያርፍም፤ አንድ ሰዓት ውጪ ካለው አንድ ሰዓት ይበልጣል። እኔ ከ75 ደቂቃ በላይ ተቀምጬ አላውቅም፣ ጀማሪም ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። አሰልቺ ነው ወይ? አዎ፣ ያሰለቻል። ለዚያ የሚሆን ዘዴ፦ በየአሥር ደቂቃው አንድ ደቂቃ በቀላል ማርሽ እግራችሁን በደቂቃ 100 እስከ 110 አዙሩ፣ ኮርቻው ላይ ሳትነጥሩ። ጊዜውም ይሄዳል፣ እግርም ክብ መርገጥ ይለምዳል።

ቅዳሜ ግን መውጣት አለባችሁ። መታጠፍን፣ ፍሬን አያያዝን፣ ከሰው ጎማ ጀርባ መቀመጥን ትሬነር አያስተምርም።

ዲሲ ለዚህ የተባረከ ከተማ ነው። ሄይንስ ፖይንት አለ፤ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ሜዳማ ዙር፣ በፖቶማክ ወንዝ የተከበበ። ነፋሱ በግማሹ ይገፋችኋል፣ በግማሹ ያስለቅሳችኋል። ለመኪና ዝግ የሆነው የላይኛው ቢች ድራይቭ አለ። ረጅም ለሚፈልግ ማክአርተር ቡሌቫርድን ይዞ ወደ ግሬት ፎልስ። ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ስካይላይንና ፎልስ ቸርች አካባቢ፣ ከሸርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል 72 ኪሎ ሜትር የሚሄደው፣ ድሮ የባቡር አሁን የእግረኛና የብስክሌት የሆነው መንገድ ደጃችሁ ላይ ነው። እግረኛ ስለሚበዛበት በጠዋት ውጡ።

አለባበስ ላይ ሰው ይበዛበታል። ሕጉ ቀላል ነው፦ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ በርዷችሁ መጀመር አለባችሁ። በር ላይ ሞቋችሁ ከወጣችሁ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ላብ ያጠምቃችኋል፣ ከዚያ ያ ላብ ያቀዘቅዛችኋል። ከሥር ላብ የሚያወጣ ስስ ነገር፣ መሀል ላይ የሚያሞቅ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ። ጥጥ አትልበሱ። ገንዘባችሁን እጅና እግር ላይ አውጡ። ደረት ራሱን ያሞቃል፣ ጣት ግን አይምርም። ሁለት ሁለት ጣት አንድ ላይ የሚይዘው ጓንት፣ የሱፍ ካልሲ፣ የጫማ ሽፋን። የፕላስቲክ ጠርሙሱን ሙቅ ውኃ ሞልታችሁ ውጡ፤ ቀዝቃዛ ከሞላችሁት አፉ ላይ በረዶ ይሠራል።

ከ25 ፋራናይት በታች፣ ማለትም 4 ዲግሪ ከዜሮ በታች ገደማ ሲሆን፣ እኔ አልወጣም። ጋሼ ይወጣሉ፤ የራሳቸው ጉዳይ ነው። ከብርዱ የበለጠ የምፈራው በረዶውን ነው። ድልድይ ከመንገድ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። በእግረኛና ብስክሌት መንገዶቹ ላይ ያሉት የእንጨት ድልድዮች ደግሞ ውርጭ ካረፈባቸው እንደ ሳሙና ናቸው። እዚያ ላይ ፍሬን አትያዙ፣ አትታጠፉ፣ ቀጥ ብላችሁ እለፉ። ካላመናችሁት ወርዳችሁ በእግር ተሻገሩ፤ ማንም አይስቅባችሁም።

ብስክሌቱም ዊንተር ይጎዳዋል። ማዘጋጃ ቤቱ በረዶ ለማቅለጥ የሚበትነው ጨው ካቴናውን በሳምንታት ውስጥ ያዝገዋል። ስትመለሱ በጀሪካን ለብ ያለ ውኃ አፍስሱበት፣ በጨርቅ አድርቁት፣ ዘይት ጣል አድርጉበት። ቦታ ካለው 28 ወይም 32 ሚሊሜትር ጎማ ግጠሙና ነፋሱን ቀነስ አድርጉ። ጭቃ መከላከያ አድርጉ፤ ለራሳችሁ ባታስቡ ከኋላችሁ ለሚነዳው አስቡ። የፊትና የኋላ መብራት ቀንም ይብራ። የውድድር ብስክሌት ሌላ ያለው ሰው እሱን ቤት ያስቀምጥ።

አሁን ወደ ምግብ ልምጣ፣ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ ያነበብኩት ምክር ሁሉ እዚህ ላይ ነው ጥሎኝ የሄደው።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 24 ወይም 25። የሚፈታው በገና፣ ጃንዋሪ 7። ከቤዙ ሲሶው በላይ ጾም ላይ ነው ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ሑዳዴ፣ 55 ቀን፣ ልክ ውድድሩ ሲጀመር ይመጣል። ሙስሊም ወንድሞቻችንም እነዚህን ዓመታት ረመዳን ፌብሩዋሪና ማርች ላይ እየገባባቸው ነው። ክለባችን ውስጥ ያለው ሙስሊም ጓደኛዬ ቀላሉን ልምምድ ከማፍጠሪያው ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ይጨርሰዋል፣ ወርዶ ወዲያው ያፈጥራል። ጠንከር ያለውን ካፈጠረ በኋላ ነው የሚሠራው። ይሠራለታል።

እኔ የንስሐ አባቴን ጠይቄ ነው የገባሁበት። «ስፖርቱን ለጾሙ ሰበብ አታድርገው፣ ጾሙንም ሕመም አታድርገው» ነው ያሉኝ። የእያንዳንዱ ሰው ሁኔታ ስለሚለይ እናንተም የራሳችሁን ጠይቁ። እኔ ጋ የሰዓቱ ነገር ራሱን አስተካክሏል። ከሥራ የምወጣው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እበላለሁ፣ ልጆቹን አመጣለሁ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ትሬነር ላይ እወጣለሁ። ባዶ ሆድ ከባድ ልምምድ የለም። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውኃ ስለማይጾም ረጅሙን ቅዳሜ ጠዋት በልቶ መውጣት ይቻላል።

ቅዳሜ ከመውጣቴ በፊት በሶ በማር። በሶን የሚያህል ነገር የለም፤ ገብስ ነው፣ ሆድ ላይ አይከብድም፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። ግን ጠርሙስ ውስጥ በጥብጣችሁ አትያዙት። ታች ይዘቅጥና አፉን ይደፍነዋል፤ ዳገት ላይ ጠርሙስ ስትጠቡ መታየት ደስ አይልም። ለጠርሙስ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ትንሽ ጨው፣ ትንሽ ሎሚ በሙቅ ውኃ። 35 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይሰጣል። ረጅም ጉዞ ላይ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ስለሚፈለግ፣ ከዚያ ላይ ሁለት ሦስት ተምር ወይም የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ጨምሩ። በብርድ ጥማትና ረኃብ አይሰማም። በየሃያ ደቂቃው የሆነ ነገር ቅመሱ። ቆሎ ግን አይሆንም፤ በወፍራም ጓንት ቆሎ ለመቆንጠር የሚሞክር ሰው መንገድ አያይም።

ጾም ላይ ዋናው ክፍተት ፕሮቲን ነው። እንጀራ በአትክልት ወጥ በልቶ ማደር ለሚሠለጥን ሰው አይበቃም። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ፕሮቲን አለው። ሽሮውን ወፈር፣ ምስሩን በዛ፣ እንጀራውን ቀነስ ማድረግ ነው። ከልምምድ በኋላ የአተር ፕሮቲን ዱቄት በአጃ ወተት እጠጣለሁ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፤ እሱን ከቤተሰቦቻችሁ ጋር ጨርሱት።

ብረትም አለ። ከእህልና ጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ሎሚና ቲማቲም ያግዙታል፣ ቡናና ሻይ ይከለክሉታል። ስለዚህ ቡናውን ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ጠጡ። ይህ ቤታችን ውስጥ አብዮት ነበር፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ አልተቀበለችውም። ያለ ምክንያት ድካም የሚሰማችሁ፣ በተለይ ሴቶች፣ ዝም ብላችሁ የብረት ክኒን አትግዙ። ሐኪማችሁ ፌሪቲን የሚባለውን፣ የብረት ክምችትን የሚያሳየውን ምርመራ ይዘዝላችሁ። በዚያው ቫይታሚን ዲንም አስለኩ። የእኛ ቆዳ በዊንተር ደካማ ፀሐይ በቂ አይሠራም፤ ላብራቶሪ ስለምሠራ የሐበሻ ዝቅ ያለ ውጤት ማየት ብርቄ አይደለም።

ክብደት ማንሳቱን በአጭሩ ልለፈው። ስኳት፣ ዴድሊፍት፣ ፕላንክ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ ቀለል ካለው ተነስቶ ወደ ከባዱ። ብስክሌት አጥንትን ስለማይጫነው ብስክሌት ብቻ የሚነዱ ሰዎች አጥንታቸው ሊሳሳ ይችላል። ክብደት የማነሳው ለፍጥነት ብቻ ሳይሆን ስወድቅ እንዳልሰበር ነው።

ጉንፋን ሲይዛችሁ ደግሞ፣ ነገሩ አፍንጫ ላይ ከሆነ በቀላሉ ንዱ፤ ደረት ላይ ወይም ትኩሳት ካለ ሙሉ በሙሉ አቁሙ። ሦስት ቀን ማረፍ ሦስት ሳምንት ከመተኛት ይሻላል።

ለገና አገር ቤት የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አድገንባታል ብላችሁ አትኩሩ፤ የባሕር ጠረፍ ላይ ዓመታት የኖረ ደም ረስቷል። የለመዳችሁትን ዋት ስትፈልጉ የልብ ምታችሁ ጣሪያ ይነካል። በልብ ምት ብቻ ንዱ፣ ፍጥነቱ ይቀንስ። ብስክሌት ካላገኛችሁም በእግር እንጦጦን ውጡ፣ ይቆጠራል።

ቤዙ መያዙን እንዴት ታውቃላችሁ? እኔ ሄይንስ ፖይንት ላይ ነው የምፈትነው። ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ፣ ነፋስ ባልበዛበት ቀን፣ ሁለት ሰዓት ሳልቆም በአንድ ዓይነት ጉልበት እዞራለሁ። ፓወር ሜትር የሌለው በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይዙር፤ ዙር ስለሆነ ነፋሱ ይካካሳል። ከዚያ የመጀመሪያውን ሰዓት አማካይ የልብ ምት ከሁለተኛው ጋር አወዳድሩ። በመጀመሪያው 135 ከነበረና በሁለተኛው 138 ወይም 140 ከሆነ መሠረቱ ይዟል። ልዩነቱ ከአምስት በመቶ በታች ነው ማለት ነው። 145 ከገባ ገና ነው።

ከያዘ፣ ሐሙስን ወደ ኢንተርቫል፣ ማለትም ከባድና ቀላል ወደሚፈራረቅበት ልምምድ ቀይሩት። በመጀመሪያ አራት ጊዜ 8 ደቂቃ፣ በሚያማቅቅ ፍጥነት። ማርች ሲቃረብ 30 ሰከንድ ከባድ፣ 30 ሰከንድ ቀላል፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። የጀማሪ ውድድር አብዛኛውን ጊዜ አጭር ዙር ላይ የሚደረግ የ30 ወይም የ40 ደቂቃ ክራይቴሪየም ነው። ከየመታጠፊያው ሲወጣ ሁሉም ይወረወራል። እዚያ ላይ የሚበልጠው አንዴ በኃይል የተወረወረው ሳይሆን፣ ተወርውሮ ቶሎ የሚያገግመውና ደግሞ የሚወረወረው ነው። ያ ማገገም ነው ከኖቬምበር ጀምሮ ስትገነቡት የከረማችሁት። በዚሁ ጊዜ ቢያንስ ጥቂት ቅዳሜዎች ከክለብ ጋር ንዱ፤ የሰው ጎማ ጀርባ መቀመጥን ውድድር ቀን ላይ መማር አይቻልም።

ካልያዘ ግን ኢንተርቫሉን ሁለት ሳምንት አዘግዩና ቅዳሜን አርዝሙ። የማርቹ ውድድር ቢያመልጣችሁም ምንም አይደለም። ቀኑ ሲረዝም ግሪንቤልት ፓርክ ውስጥ ረቡዕ ማታ የሚደረገው የልምምድ ውድድር አለ፤ ጀማሪ ብዙ ነው፣ ከሥራ ወጥቶ ይደረስበታል። ጋሼም አንዳንዴ ቡና በፔርሙስ ይዘው ዳር ላይ ይቆማሉ።